ግልጽ ደብዳቤ ለምርምር መጽሔት አሳታሚዎች፦ እናንተ የሰበራችሁትን ሊንክ እኛ መጠገን አንችልም

ይድረስ ለምርምር መጽሔት አሳታሚዎች የድረ ገጽ፣ የሜታዳታና የሰርቨር ክፍል ኃላፊዎች

ክቡራንና ክቡራት፣

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ የምርምር ጽሑፎችን ዝርዝር በኮድ እያዘጋጀን በድረ ገጽ የምናወጣ ፕሮግራመሮችና የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች ነን። የምንሠራው ገጽ ለአንባቢው ተራ ዝርዝር ነው። ርዕስ፣ ደራሲና ዓመት አለው፤ ከሥሩ አጠቃሎ ወይም በተለምዶ አብስትራክት የምንለው አንቀጽ ይከተላል፤ ርዕሱን የነካ ሰው ደግሞ እናንተ ዘንድ ወዳለው ገጽ ይሻገራል። ከጀርባው ያለውም ሥራ የተወሳሰበ አይደለም። የጽሑፎቹ መለያ ቁጥሮች በአንድ ፋይል ውስጥ በየመስመሩ ይቀመጣሉ። ስክሪፕቱ (ትንሹ ፕሮግራማችን) በተወሰነለት ሰዓት ተነሥቶ ስለ እያንዳንዱ መለያ እንደ ክሮስሬፍ (አሳታሚዎች የጽሑፎቻቸውን መለያና መረጃ የሚያስመዘግቡበት ተቋም) ወይም ፐብሜድ (የሕክምና ጽሑፎች ዝርዝር) ያለውን የመረጃ ቋት ይጠይቃል፤ በጄሰን ወይም በኤክስኤምኤል፣ ማለትም ማሽን በሚያነበው አጻጻፍ፣ የመጣለትን መረጃ ፈትቶ በተዘጋጀ የገጽ ቅርጽ ላይ ይሞላና የገጹን ኮድ፣ ኤችቲኤምኤሉን፣ ይጽፋል። ጽሑፉ ሁለት መቶም ሆነ ሃያ ሺህ ኮዱ ያው ነው።

ኮዱ ግን የሚያወጣው እናንተ ያስገባችሁትን ነው። ድረ ገጽ ወደ አዲስ መድረክ ሲዛወር የቆየውን አድራሻ ጥሎ መሄድ፣ አጠቃሎውን ባዶ ወይም የተበላሸ አድርጎ ማስመዝገብ፣ በዝግታ የሚጠይቀውን ስክሪፕት ከአጥቂ ሳይለዩ መዝጋት፣ ይህ ሁሉ ልማድ እየሆነ መጥቷል። አንባቢው ሊንኩ አልሠራ ሲለው የሚወቅሰው ሊንኩን ያገኘበትን ገጽ ነው። እኛም ኮዳችንን ደጋግመን እንፈትሻለን፤ ስህተቱን የምናገኘው ግን ልንደርስበት በማንችለው ቦታ፣ እናንተ ዘንድ ነው።

ከሊንኩ እንጀምር። ዲኦአይ የተባለው መለያ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ (በዚህ ደብዳቤ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በሥራ ላይ ያለ፣ በ2012 ደግሞ በአይሶ 26324 ዓለም አቀፍ ደረጃ የወጣለት ነው። አሠራሩን እናንተ ታውቁታላችሁ፤ ለሌላው አንባቢ ስንል ግን ባጭሩ እናስቀምጠው። መለያው በ10 እና በነጥብ ይጀምራል፤ የአስመዝጋቢው ቁጥር ይከተላል፤ ከእዝባሩ ቀጥሎ አሳታሚው ራሱ የመረጠው ኮድ አለ። እኛ ሊንኩን የምንጽፈው በዲኦአይ ነጥብ ኦአርጂ ነው። እዚያ ያለው ሰርቨር መለያውን ተቀብሎ፣ አሳታሚው ያስመዘገበውን አድራሻ ከመዝገብ አውጥቶ አንባቢውን ወደዚያ ያዞረዋል። መዝገቡ ላይ ያለውን አድራሻ መቀየር የሚችለው አስመዝጋቢው ብቻ ነው። ስለዚህ ድረ ገጻችሁን አዛውራችሁ መዝገቡን ካላስተካከላችሁ፣ የእኛ ሊንክ ፊደል ሳይሳሳት ተጽፎ አንባቢው ባዶ ቤት ይደርሳል። መለያው የተፈጠረው አድራሻ ሲለዋወጥ ሊንክ እንዳይሞት ነበር፤ መዝገቡ ካልታደሰ ግን ከተራ ሊንክ በምንም አይሻልም።

ከዚህ የባሰው ደግሞ ሞቶ ያልሞተ መስሎ የሚታየው ገጽ ነው። የጠፋ ጽሑፍ ሲጠየቅ ሰርቨሩ 404፣ ማለትም «የለም»፣ ብሎ ቢመልስ የማታ ፈታሻችን (ሊንኮቹን የሚሞክረው ፕሮግራም) ያየዋል፣ ይመዘግበዋል፣ ሰውም ይጠራል። ብዙዎቻችሁ ግን የጠፋውን ገጽ ሁሉ ወደ መጽሔቱ መነሻ ገጽ ታዞሩና 200 ትመልሳላችሁ። 200 ማለት በማሽን ቋንቋ «የጠየቅኸው ይኸው» ማለት ነው። ፈታሻችን አምኖ ያልፋል፤ አንባቢው ግን የጠየቀውን ጽሑፍ ትቶ የመጽሔቱን የሽፋን ሥዕል ያያል። ይህን ለመለየት ስንል የሁኔታ ኮዱን ማመን ትተን፣ መጨረሻ ላይ የተደረሰበትን ገጽ አውርደን «ሳይቴሽን_ዲኦአይ» የሚለው ሜታ ታግ (በገጹ ኮድ ውስጥ የተጻፈው መግለጫ) ከጠየቅነው መለያ ጋር መመሳሰሉን እንፈትሻለን። ታጉ ያለበት ቦታ ዘዴው ይሠራል። ግን ለእያንዳንዱ ሊንክ ሙሉ ገጽ ማውረድ ማለት ነው፤ ሸክሙም የሚያርፈው በእናንተው ሰርቨር ላይ ነው። ራስጌውን ብቻ ለማየት «ሄድ» (HEAD) የተባለውን ጥያቄ ብንልክ አንዳንዱ ሰርቨር 405፣ ማለትም «ይህን ዓይነት ጥያቄ አልቀበልም»፣ ብሎ ይመልሰናል።

አዲሱ መድረክ ሲገጠም የቆዩ መለያዎች መሞከራቸውንም እንጠራጠራለን። በ1990ዎቹ መጨረሻ አካባቢ ለወጡ ጽሑፎች ከተሰጡት መለያዎች መካከል ቅንፍ፣ ነጠላና ድርብ ነጥብ፣ ሴሚኮለን፣ እንዲያውም የ«ያንሳል» እና የ«ይበልጣል» ምልክት በውስጣቸው የያዙ አሉ። እነዚህ በሊንክ ውስጥ እንዳሉ አይቀመጡም፤ «<» ወደ %3ሲ፣ «>» ወደ %3ኢ መቀየር አለባቸው። እኛ ቀይረን እንልካለን። የአንዳንዱ አዲስ መድረክ አቅጣጫ ሰጪ ግን መልሶ ሲፈታቸው ሴሚኮለኑ ጋ ይቆርጣል፣ ወይም የመጣውን እንደ ጥቃት ቆጥሮ 403፣ ማለትም «ተከልክሏል»፣ ይመልሳል። ሌላው የትልቅና የትንሽ ፊደል ጉዳይ ነው። ዲኦአይ በላቲን ትልቅና ትንሽ ፊደል አይለያይም፤ እኛም ሁሉንም ወደ ትንሽ ፊደል ቀይረን ነው የምናነጻጽረው፤ ያለዚያ አንድ ጽሑፍ በዝርዝሩ ላይ ሁለት ጊዜ ይወጣል። በአንዳንድ መድረክ ግን በትልቅ ፊደል የተመዘገበው መለያ በትንሽ ፊደል ሲጠየቅ «የለም» ይባላል።

ማዛወር በራሱ ጥፋት አይደለም። ፐብሜድ በ2020 ወደ አዲስ ድረ ገጽ ሲዛወር የገጾቹ አድራሻ ከነጎራው (ከነዶሜይኑ) ተቀይሮ ነበር፤ በአሮጌው አድራሻ የተጻፉ ሊንኮች ግን ወደ አዲሱ ተዞሩ። በ1991 የተጀመረው የቅድመ ኅትመት ጽሑፎች ማከማቻ አርካይቭ የመለያ አጻጻፉን በሚያዝያ 2007 ከነጭራሹ ቀይሮታል፤ በጥር 2015 ደግሞ ከነጥቡ በኋላ ያለውን አራት አኃዝ አምስት አድርጎታል። የ1990ዎቹ መለያ ዛሬም ሲጠየቅ ጽሑፉን ያወጣል። እነዚህ ሁለቱ የያዙት የጽሑፍ ብዛት ሲታይ «ብዙ ስለሆነ አልቻልንም» የሚለው ምክንያት አያሳምነንም።

አሁን ወደ አጠቃሎው እንምጣ፤ ብዙ ጉዳት የሚደርሰው እዚህ ላይ ነው።

ትልቁ ቅሬታችን አጠቃሎው ጨርሶ አለመመዝገቡ ነው። በክሮስሬፍ መዝገብ ውስጥ ለአጠቃሎ የተዘጋጀ ቦታ አለ፤ ሆኖም ርዕሱንና ደራሲውን ልካችሁ አጠቃሎውን የምታስቀሩ ብዙ ናችሁ። አሳታሚዎች አጠቃሎን በክፍት መዝገብ እንዲያስገቡ የሚጠይቀው ኢኒሼቲቭ ፎር ኦፕን አብስትራክትስ ከመስከረም 2020 ጀምሮ ጥሪ ሲያቀርብ ቆይቷል። አጠቃሎው በራሳችሁ ገጽ ላይ ያለ ክፍያ ለማንም ይታያል። ከመዝገቡ ሲቀር ስክሪፕቱ ገጻችሁን አንድ በአንድ ከፍቶ እንዲቧጭር ትገፋፉታላችሁ፤ ከዚያ ደግሞ ቧጨረ ብላችሁ ትዘጉበታላችሁ። አንባቢ አጠቃሎውን ሌላ ቦታ ካነበበ ወደ እኛ አይመጣም የሚለውን ስጋት እንረዳለን፤ አንስማማበትም። ፐብሜድ ከ1997 ጀምሮ አጠቃሎን በነጻ ለሕዝብ ሲያሳይ ኖሯል፤ ወደ አሳታሚው የሚወስደው ሊንክም እዚያው ገጽ ላይ ነው። ርዕስ ብቻ ያየ ሰው ጽሑፉ ይጠቅመው አይጠቅመው አያውቅም፤ አያውቅምና አይነካውም።

ሁለተኛው፣ የተመዘገበውም ተበላሽቶ መድረሱ ነው። አጠቃሎ ወደ መዝገቡ የሚገባው ጃትስ በተባለው የኤክስኤምኤል ዓይነት ነው። ታጎቹ፣ ማለትም የጽሑፉን ቅርጽ የሚያመለክቱት የኮድ ምልክቶች፣ በሥርዓት ከተቀመጡ የአንቀጹን ቅርጽ ይዘው ይደርሳሉ። ችግሩ የሚመጣው የማስተላለፊያ ፕሮግራማችሁ ታጎቹን ገፎ ጽሑፉን ብቻ ሲልክ ነው። በአጠቃሎው ላይ «10⁶ ሴሎች» ተብሎ የነበረው የራስ ቁጥሩ ታግ ሲገፈፍ «106 ሴሎች» ይሆናል። አንድ ሚሊዮን የነበረው መቶ ስድስት ሆነ ማለት ነው። «10⁻³» ደግሞ «10-3» ይሆናል። ይህ የሆሄ ስህተት አይደለም፤ የጥናቱ ውጤት ተቀይሯል። የእኛ ስክሪፕት ይህን የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ 106 ትክክለኛ ቁጥር ነውና።

የ«ያንሳል» ምልክት ሌላው ወጥመድ ነው። ምልክቱ በገጽ ውስጥ ሲገባ በኮድ መተካት ሲገባው እንዳለ ይቀመጣል። ይህን አጠቃሎ እዩ («ፒ» የስታቲስቲክስ መለኪያ ነው)፦

«በመጀመሪያው ቡድን ልዩነቱ ጉልህ ነበር (ፒ<0.05)፤ በሁለተኛው ቡድን ግን ለውጥ አልታየም (ፒ>0.05)።»

ታግ ለመግፈፍ የሚጻፈው የተለመደው ሬጉላር ኤክስፕሬሽን (የጽሑፍ መፈለጊያ ቀመር) ከ«<» ጀምሮ እስከሚቀጥለው «>» ያለውን ሁሉ ታግ ነው ብሎ ይቆርጣል። የሚቀረው ይህ ነው፦

«በመጀመሪያው ቡድን ልዩነቱ ጉልህ ነበር (ፒ0.05)።»

ሁለተኛው ቡድን ከነውጤቱ ጠፋ። የቀረው ዓረፍተ ነገር ሰዋስዉ ሙሉ ስለሆነ አርታኢም ቢያነበው አይጠረጥርም። ከምልክቱ ቀጥሎ በቁጥር ፋንታ የላቲን ፊደል ከመጣማ መግፈፊያ እንኳ አያስፈልግም፤ አሳሹ ራሱ ታግ ተከፈተ ብሎ ይውጠዋል። ተቃራኒው ስህተትም አለ፤ አንዴ በኮድ የተተካው ምልክት በሁለተኛው ፕሮግራም ድጋሚ ይተካና አንባቢው በርዕሱ መካከል የሰያፍ ታጉን ፊደል በፊደል ያነባል። የመፍትሔው ሕግ አንድ ነው። ጽሑፉ በውስጥ ሲዘዋወር ጥሬውን ይቀመጥ፤ ምልክቱ የሚተካው ወደ ገጽ ወይም ወደ ኤክስኤምኤል ሲወጣ አንድ ጊዜ ብቻ ይሁን።

በርዕስና በአካል የተከፋፈለ አጠቃሎም የራሱ ጣጣ አለው። በፐብሜድ ኤክስኤምኤል ውስጥ መነሻ፣ ዘዴ፣ ውጤትና መደምደሚያ ተብሎ የተከፈለ አጠቃሎ በአንድ ሳጥን አይመጣም፤ አራት «አብስትራክትቴክስት» ታጎች ሆኖ፣ እያንዳንዱ ከነስያሜው ይመጣል። ኮዱ የመጀመሪያውን ብቻ ከወሰደ ገጹ ላይ መነሻው ብቻ ይወጣል። ይህ የኮድ ጸሐፊው ጥፋት ነው፤ እንቀበላለን፤ ሁሉንም ታጎች በተራ እየዞሩ ስያሜያቸውን ከፊት ማስቀመጥ ያስፈልጋል። እንደዚሁ በፓይተን ቋንቋ ኤክስኤምኤል በሚያነበው ኤለመንትትሪ «.ቴክስት» ብሎ መጠየቅ እስከ መጀመሪያው የውስጥ ታግ ድረስ ያለውን ብቻ ይመልሳል፤ ርዕሱ በሰያፍ በተጻፈ የባክቴሪያ ስም ከጀመረ ምንም አይመልስም። «ኢተርቴክስት» ሁሉንም ይሰበስባል። እነዚህን በራሳችን በኩል እናርማለን። ነገር ግን እናንተ ክፍፍሉን አፍርሳችሁ፣ «አብስትራክት» የሚለውን የክፍል ርዕስ ከመጀመሪያው ቃል ጋር ያለ ክፍተት አጣብቃችሁ ስትልኩ በእኛ በኩል የሚታረም ነገር የለም። ቃሉን ከፊት ቁረጥ ብለን ብናዝ፣ ዓረፍተ ነገሩ በእርግጥ በዚያ ቃል የሚጀምርበት ጽሑፍ ይጎዳል።

ስለ ቆዩ ጽሑፎች አንድ ነገር እንጨምር። በፐብሜድ ውስጥ አጠቃሎው በ250 ቃል መቆረጡን የሚገልጽ ማስታወሻ በመጨረሻው ላይ ያለባቸው የቀድሞ ዘመን መዝገቦች አሉ። ሙሉው በድረ ገጽ ያለው ብዙ ጊዜ እናንተ ዘንድ ነው። ገጻችሁ ሲጠፋ ቅጂ ብቻ ሳይሆን ሙሉው አጠቃሎም ከድረ ገጽ ሊጠፋ ይችላል ማለት ነው።

ቀጥሎ ያለው ቅሬታችን በር ስለመዝጋት ነው። ያለ ልክ የሚጠይቅ ፕሮግራም ሰርቨር እንደሚያንበረክክ እናውቃለን፤ በሴኮንድ መቶ ጥያቄ ለሚልክ ፕሮግራም ጠበቃ ሆነን አልመጣንም። የምንለምነው ወሰን እንድታስቀምጡልንና እንድትነግሩን ነው። ፕሮግራሞች ፐብሜድን የሚጠይቁበት ኢ-ዩቲሊቲስ ያለ ቁልፍ (ለጠያቂው የሚሰጥ መለያ ኮድ) በሴኮንድ 3፣ በቁልፍ 10 ጥያቄ ይፈቅዳል፤ አርካይቭ በጥያቄና በጥያቄ መካከል 3 ሴኮንድ እንድንጠብቅ ይጠይቃል፤ ክሮስሬፍ ደግሞ በጥያቄው ውስጥ የኢሜይል አድራሻውን የጻፈን ሰው ለብቻው ያስተናግዳል። ሕጉ ስለተጻፈ እንጠብቀዋለን። እናንተ ዘንድ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚገጥመን ማብራሪያ የሌለው 403 ነው። በዛ የምትሉ ከሆነ 429 መልሱና «ሪትራይ-አፍተር» በሚለው ራስጌ ስንት ሴኮንድ እንደምንጠብቅ ጻፉልን፤ ስክሪፕቱ ያንን ያህል ይተኛል። ገጹ መለወጡን የሚያሳዩትን «ኢታግ» ወይም «ላስት-ሞዲፋይድ» የተባሉ ራስጌዎች ካስቀመጣችሁልን ደግሞ ያልተለወጠውን ገጽ ድጋሚ አናወርድም፤ 304 («አልተለወጠም») ብላችሁ በአንድ መስመር ታሰናብቱናላችሁ። ትራፊካችሁን ለመቀነስ ከዚህ የረከሰ መንገድ የለም። ፕሮግራም የትኞቹን ገጾች መክፈት እንደሚፈቀድለት የሚገልጸው ሮቦትስ ቲኤክስቲ የተባለው ፋይልም በ2022 አርኤፍሲ 9309 በተባለው የኢንተርኔት ደረጃ ሰነድ ተደንግጓል። በፋይሉ የምትፈቅዱትንና ሰርቨሩ የሚያደርገውን አስማሙልን፤ በፋይሉ የተፈቀደው የአጠቃሎ ገጽ በፋየርዎል ተዘግቶ ሲገኝ የቱን ሕግ እንደምናከብር አናውቅም።

አጠቃሎውን በጃቫስክሪፕት ብቻ መሙላትም ያው በር መዝጋት ነው። ገጹ ሲወርድ ባዶ ሳጥን ይዞ ይመጣል፤ ጽሑፉ የሚሞላው በኋላ ነው። ለስክሪፕታችን ጽሑፉ የለም፤ ለስክሪን ሪደር (ገጹን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም) ተጠቃሚና ደካማ ኔትወርክ ላይ ላለ አንባቢም ብዙ ጊዜ እንደዚያው ነው።

በመጨረሻ የምናነሣው የተሻሩ፣ ማለትም ከታተሙ በኋላ ስህተት ወይም ጥፋት ተገኝቶባቸው የተሰረዙ፣ ጽሑፎችን ነው፤ ቁጥራቸው ጥቂት ቢሆንም ከሁሉ በላይ የሚያሳስበን ይህ ነው። አንድ ጽሑፍ ሲሻር አንዳንዶቻችሁ ማስታወቂያውን በፒዲኤፉ ላይ በቀይ ታትሙና መዝገቡን እንዳለ ትተዉታላችሁ። ሌሎች ገጹን ጨርሰው ያጠፋሉ። በመጀመሪያው የእኛ ዝርዝር የተሻረውን የሕክምና ውጤት እንደ ደህና ጽሑፍ ማሳየቱን ይቀጥላል፤ በሁለተኛው አንባቢው የተሻረ ይሁን ሊንኩ የተሰበረ መለየት አይችልም። ክሮስሬፍ የሽረት ማስታወቂያን ከዋናው ጽሑፍ ጋር የሚያገናኝ መስክ አለው፤ ከመስከረም 2023 ጀምሮም የተሻሩ ጽሑፎችን የሚከታተለውን የሪትራክሽን ዋችን የመረጃ ቋት ይዞ ለሁሉም ክፍት አድርጎታል። የእኛ ስክሪፕት ሁለቱንም አይቶ ከርዕሱ ፊት «ተሽሯል» ብሎ ለመጻፍ አሥር መስመር ኮድ አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው እናንተ ያስመዘገባችሁት አንድ መስመር ነው።

ስለዚህ የሚከተሉትን እንጠይቃለን።

ድረ ገጽ ከመዛወሩ በፊት ለእያንዳንዱ ዲኦአይ አሮጌውና አዲሱ አድራሻ ጎን ለጎን የተጻፈበት ሰንጠረዥ ይዘጋጅ። በአሮጌው አድራሻ ላይ ቋሚ የ301 ማዞሪያ ይቀመጥ። አዲሶቹ አድራሻዎች መድረኩ በሚከፈትበት ዕለት ለመዝጋቢው ተቋም ይላኩ፤ ክሮስሬፍ መለያና አድራሻ በታብ ተለይተው የተጻፉበትን ፋይል በጅምላ ይቀበላል፤ አንድ በአንድ መሙላት አያስፈልግም። ከዚያ በኋላ ናሙና ወስዳችሁ ፈትሹ፤ ናሙናውም ከቅርቡ ዓመት ብቻ አይሁን፤ አንጋፋዎቹ፣ ቅንፍና ሴሚኮለን ያለባቸው፣ በትልቅ ፊደል የተመዘገቡት ይግቡበት።

የሌለ ገጽ 404፣ ሆን ተብሎ የተነሣ 410 ይመልስ፤ ወደ መነሻ ገጽ የሚያዞረው ይቅር። በእያንዳንዱ የአጠቃሎ ገጽ ላይ የዲኦአዩ ሜታ ታግ ይኑር።

አጠቃሎው ከነታጉ፣ ከነክፍፍሉ፣ የራስና የግርጌ ቁጥሩ ሳይገፈፍ በክፍት መዝገብ ይግባ፤ ቀድሞ ያለ አጠቃሎ የተላኩትም ተመልሰው ይሞሉ። ማስተላለፊያ ፕሮግራማችሁን ለመፈተሽ «10⁶»፣ «ፒ<0.05» እና በሰያፍ የሚጀምር ርዕስ ያለበት አንድ የሙከራ ጽሑፍ ይበቃል፤ የገባውና የወጣው እኩል ካልሆነ ከመላካችሁ በፊት ታውቃላችሁ።

የጥያቄ ወሰን በቁጥር ተጽፎ ይውጣ፤ ያለፈው 429 እና የመጠበቂያ ጊዜ ይሰጠው። ስህተት የምንጠቁምበት፣ ሰው የሚያነበው አድራሻም ይኑር፤ የተሰበረ መለያ ስናገኝ መላኪያ አጥተን የምንተወው ብዙ ነው።

የተሻረ ጽሑፍ በዲኦአዩ ሲጠየቅ ገጹ ይከፈት፣ ሽረቱም በገጹ አናትና በመዝገቡ ላይ በአንድ ቀን ይጻፍ።

በእኛ በኩል ያገኘነውን አጠቃሎ በመለያው አስቀምጠን ያልተለወጠውን ድጋሚ ላለመጠየቅ፣ በእያንዳንዱ ጥያቄ ራስጌ ላይ የፕሮግራማችንን ስምና የምንገኝበትን ኢሜይል ለመጻፍ፣ የምታወጡትን ወሰን ለመጠበቅ ዝግጁ ነን። የተሰበሩትን መለያዎች ዝርዝርም በፈለጋችሁት የፋይል ዓይነት እንልካለን።

ከአክብሮት ጋር፣

የምርምር ጽሑፍ ዝርዝር ገጾችን በኮድ የምናዘጋጅ ፕሮግራመሮችና የቤተ መጻሕፍት ሜታዳታ ባለሙያዎች